ነርሷን የክርስትና ስም የጠየቅኩ ዕለት

የጎረቤት ልጆች «ያንን የስልኩን ነገር ጻፊው» ማለት ከጀመሩ ሁለት ዐቢይ ጾም አለፈ። በአፌ ስነግራቸው እያቋረጡ አስቸገሩኝ፤ ገና ከመጀመሬ «እሱን ተይውና ማዳሟ በር ላይ የቆመችበትን ንገሪን» ይላሉ። ስለዚህ ዛሬ እነሱ በሌሉበት ልጽፈው ቁጭ ብያለሁ። ወረቀት አያቋርጥም።

እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ፊደል ያስቆጠሩኝ ካርቱም ከገባሁ በኋላ አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ናቸው፤ ካርቶን ላይ በከሰል እየጻፉ፣ «ሀ» ስል «ሐ» ነው እያሉ፣ «ሐ» ስል ደግሞ «ኀ» ነው እያሉ። እስከ ዛሬ ሦስቱን ለይቼ አላውቅም፤ የጻፍኩት ላይ ስሕተት ብታገኙ ለእሳቸው ነፍስ ይማር በሉ። እጄም ቀርፋፋ ነው። አንዱን ነገር ጀምሬ ወደ ሌላ ብሄድ እስክመለስ ጠብቁኝ፣ እመለሳለሁ።

ያን ጊዜ ካርቱም ሰላም ነበረች። ሰላም ስል መብራት ይጠፋል፣ ውሃ ይጠፋል፣ ለዳቦ ሰልፍ አለ፤ ግን ሰው ጠዋት ወጥቶ ማታ ቤቱ ይገባል። የምኖረው ካላክላ፣ የምሠራው ዐማራት፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሻይ አፍልቼ ወለል እወለውል ነበር። ከካላክላ ዐማራት በሐፍላ መመላለስ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ሐፍላ ያልኩት ያቺን አሮጌ ሚኒባስ ነው። ለመውረድ አፍ አይከፈትም፣ ጣት ይጮኻል፤ ሱዳኖቹ ሁለት ጣታቸውን ጧ ሲያደርጉ ሾፌሩ ይቆማል። የእኔ ጣት ግን ከሳሙና ጋር ውሎ ውሎ አልጮኽ ይለኛል። ስንት ጊዜ ከመሥሪያ ቤቴ አልፌ ወርጄ በፀሐይ ወደ ኋላ ተመልሻለሁ! ጣቴ እንደዚህ ሰነፍ መሆኑን ሳላስብበት ነው በኋላ ትልቅ ትምህርት ያስያዝኩት።

አንድ ቀን ሙዲሩ፣ አለቃችን ማለቴ ነው፣ ሁሉም ሰው አዳራሽ ይግባ አለ።

«ሐቡባም?» አለ የሒሳብ ሹሙ። ሐቡባ አያት ማለት ነው፤ ሱዳኖቹ እኔን ሌላ ስም ጠርተውኝ አያውቁም።

«ሐቡባም ጋፊሩም። ስልክ የያዘ ሁሉ።»

ጋፊር ያለው ዘበኛችንን ነው። ነገሩ ወዲህ ነው። አንድ ሌባ ራሱን ሙዲሩን መስሎ ለሠራተኛው መልእክት ልኮ ጉድ ሊሠራቸው ትንሽ ቀርቶት ነበር። ስለዚህ አስተማሪ ተቀጠረች። ኡስታዛ ሰልማ ትባላለች፤ ቀጭን፣ ድምፅዋ የረጋ፣ ልጄ ብትሆን ብዬ የተመኘኋት ሴት ናት። እንዲህ አለች፦ የዛሬ ሌባ በአጥር አይዘልም። መልእክት ይልካል። አንዱን ወጥመድ ለሺህ ሰው ይዘረጋል፤ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኙ ቢያልፉት ግድ የለውም፣ አንዱ ይበቃዋል። የባንክ ሰው ነኝ ይላል፣ እኅትሽ ነኝ ይላል፣ አለቃህ ነኝ ይላል። በሦስት ነገር ታውቁታላችሁ አለች። ያጣድፋችኋል። ያስፈራራችኋል። ቁጥር ወይም ወረቀት ይጠይቃችኋል።

ሌሎቹ ደብተር ላይ ጻፉ፣ እኔ ጣቴ ላይ ጻፍኩ። ማጣደፍ አውራ ጣቴ ላይ፣ ማስፈራራት ሌባ ጣቴ ላይ፣ ቁጥር መጠየቅ መካከለኛው ላይ። መካከለኛውን እንደያዝኩ ሙዲሩ በዓይኑ ጠቀሰኝ፤ ሻይ ማለቱ ነው። ሄጄ አፈላሁ። በትሪ ይዤ ስመለስ ትምህርቱ አልቆ ያጨበጭባሉ።

ሁለት ሳምንት አለፈ። የእስላም ዓረፋ በዓል ደርሷል፣ ካርቱም በሙሉ በግ በግ ይሸታል። ለሠራተኛው ሁሉ በስልክ መልእክት ገባ፦ መሥሪያ ቤቱ ለበዓል በግ ሰጥቷችኋል፣ እስከ ቀትር ስማችሁንና የሚስጥር ቁጥራችሁን ያላስገባ በጉ ያልፈዋል። ይህን የላከችው ሰልማ ናት፣ ልትፈትናቸው። አቤት የዚያን ቀን ጥድፊያ! የሒሳብ ሹሙ ሁለት ጊዜ አስገባ፤ አንዱን ለእናቱ አስቦ። ጸሐፊዋ ቀንዳም ይሁንልኝ ብላ ጨምራ ጻፈች። ከሁሉ የገረመኝ ሙዲሩ ነው። ለማንም በግ እንዳልገዛ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ እሱም አስገባ።

ያልተነካን ሁለት ብቻ። ጋፊሩ ስልኩ ከመደወል ሌላ ሥራ የማያውቅ አሮጌ ነው፤ እኔ ደግሞ ስልኬ ደህና ሆኖ ሳለ ያልነካሁ። ሰልማ አስነሥታ አስጨበጨበችልኝ፣ ወርቃማ ጠርዝ ያለው ሸሃዳ፣ የምስክር ወረቀት ማለቴ ነው፣ ሰጠችኝ። ያን ጊዜ አንድ ነገር መናገር ነበረብኝ። መልእክቱ የተጻፈው በዐረብኛ ነው፤ እኔ የዐረብኛ ፊደል አላውቅም፤ የመብራት ኃይል ማስታወቂያ መስሎኝ ነው የተውኩት። አልተናገርኩም። ጭብጨባ ጣፋጭ ነገር ነው፣ በተለይ ሰባ ዓመት ሙሉ ላልተጨበጨበለት።

ሸሃዳውን ቤቴ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ጓደኛዬ ብርቄ መጥታ አየችውና «ምን ይላል?» አለችኝ።

«እኔ ምን አውቄ።»

«በግ ያመለጣት ይላል» አለች።

ብርቄ እንዲህ ናት፤ ምላሷ ይቀድማታል፣ እጇ ግን ከምላሷ ይበልጥ ይቀድማል። ስታመም የደረሰችልኝ እሷ፣ ቤት ሳጣ ያስጠጋችኝ እሷ። በዕድሜ ስለምበልጣት እትዬ ትለኛለች፤ ከእትዬ በኋላ የሚከተለውን ግን ሁልጊዜ አልወደውም።

የሚካኤል ማኅበር አለን፣ ሰባት ሴቶች። ሚካኤል በማንኛውም ቀን ቢውል ቀጥሎ በሚመጣው ዓርብ እንሰበሰባለን፤ ማዳሞቻችን የሚለቁን ያን ቀን ነው። ዳቦው አለ፣ በጠላ ፋንታ ከርከዴ አለ፤ ሚካኤልም የአገሩን ሕግ ስለሚያውቅ ቅር አይለውም። ያን ሰሞን ከሰባታችን አንዷን ሌባ አታልሏት ስልኳን ወርሶባት ነበር። በስሟና በፎቶዋ ቤሩት ያለች እኅቷን አናግሮ የእሷንም ወረሰ። ልጅቱ አንድ ሳምንት አለቀሰች። እኔ ታዲያ ባለ ሸሃዳ ነኝ፣ ዝም ልል ነው? ተነሥቼ ማስተማር ጀመርኩ።

ሦስቱን ጣት አስያዝኳቸው። ያ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ግን ሰው ትንሽ ሲያውቅ መጨመር ይወዳል፣ እኔም አራተኛ ከራሴ አወጣሁ። «የማታውቁት ሰው ከደወለ የክርስትና ስም ጠይቁት፤ የራሱንም የእኛንም!» አልኩ። ካርቱም ሁሉ በመዝገብ ስማችን ያውቀናል፤ ማዳሟ ታውቀዋለች፣ ፖሊሱ ያውቀዋል። የክርስትና ስማችንን ግን ካህኑና የገዛ ወገናችን ብቻ ነው የሚያውቀው። ሌባ ከየት ያመጣዋል? ይህን ሳስብ ገና ራሴን ሳምኩት ማለት ይቻላል።

«እትዬ፣» አለች ብርቄ፣ «ከሰባታችን ወለተ ማርያም ስንቶች ነን?»

ቆጠርን። ሦስት። ሁለቱ ደግሞ ወለተ ሚካኤል።

«እንግዲህ ሌባው በደፈናው ወለተ ማርያም ቢል ሦስታችንን በአንድ ድንጋይ ጣለን።»

«አንቺ ሁልጊዜ ነገር ታበላሺያለሽ» ብዬ አለፍኩት። ቆም ብዬ ባስብበት ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ።

ልምምድም ነበረን። ብርቄ የወንድ ድምፅ አውጥታ ሌባ ትሆናለች፤ ሌላዋ ስልክ እንዳነሣች ሆና መዳፏን ጆሮዋ ላይ ታደርጋለች። «ያ ሲስተር፣ ከባንክ ነው የምደውለው፣ ቶሎ በይ፣ ስልክሽ ሊዘጋ ነው!» ስትል እውነተኛ ሌባ ቢሰማት ሥራ ይሰጣት ነበር። እኛም «የክርስትና ስምህ ማን ነው?» ብለን በአንድ ድምፅ እንጮኻለን። ከዚያ ዝጋ፣ እንዳይደውል አግደው፣ ቁጥሩን አጥፋው። ዝጋ፣ አግድ፣ አጥፋ። እንደ ጸሎት በቃል ያዝነው።

አሁን ልጆቹ የሚወዱት ቦታ ደረስን። ዘነበች የምትባል የማኅበራችን ልጅ እዚያው ካርቱም፣ አል-ጣኢፍ የሚባል ሰፈር፣ አንዲት ሐጃ ቤት ትሠራለች። ቤቱ በቁጥር የሚከፈት በር ነበረው። ሐጃዋ አንድ ቀን ስልኳን ቤት ረስታ፣ ቁጥሩንም ረስታ፣ በጎረቤት ስልክ ደወለች። «ዘነበች፣ ቶሎ በይ፣ ፀሐዩ ሊገድለኝ ነው፣ የበሩን ቁጥር ንገሪኝ!» ዘነበች ጣቷን ቆጠረች። አጣደፈች፣ አንድ። ሞት አነሣች፣ ሁለት። ቁጥር ጠየቀች፣ ሦስት።

«የክርስትና ስምሽ ማን ነው?» አለቻት።

መካ ሁለት ጊዜ ደርሳ የመጣችን ሴት! ዘነበች ዘጋች፣ አገደች፣ አጠፋች። ሐጃዋ ግማሽ ሰዓት በሯን ስትደበድብ ቆየች፤ ዘነበችም በር የሚደበድበው ሌባው ነው ብላ ወጥ ቤት ተቆልፋ ተቀመጠች። ከሥራ ያልተባረረችው ሐጃዋ ራሷ በመጨረሻ መሳቅ ስለጀመረች ነው።

«ታዲያ በመስኮት ብታዪ አልነበር?» አላት ሰው ሁሉ።

«እትዬ ስም ጠይቂ እንጂ መስኮት እዪ አላለችኝም» አለች።

ይህ ሊያስደነግጠኝ ሲገባ አኮራኝ። ተማሪዬ ማዳሟን እንኳ አላመነችም ብዬ አወራሁ።

እንግዲህ ሂባን ላስተዋውቃችሁ፣ ከዚህ በኋላ ያለው ስለ እሷ ነውና። ሂባ የብርቄ ብቸኛ ልጅ ናት። አባቷ ሱዳናዊ፣ እስላም፣ ዳቦ ጋጋሪ፣ ደግ ሰው ነበር፤ ሞቷል። ሂባ እዚያው ካርቱም ተወልዳ አደገች፤ ዐረብኛዋ እንደ ውሃ ይፈስሳል፣ አማርኛዋ ያነክሳል። በዚህ ጀርባዬ አዝያታለሁ። አግብታ ኦምዱርማን ትኖር ነበር፤ ባሏ የጭነት መኪና እየነዳ ፖርት ሱዳን ይመላለሳል፣ ሄደ ማለት ሳምንት አይገኝም። ያን ጊዜ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ቤቷ ጣሪያው ስለሚያፈስስ ጂንሲያዋን፣ የዜግነት ወረቀቷን ማለቴ ነው፣ የምታስቀምጥላት እናቷ ናት፣ በቆርቆሮ ሳጥን።

ዓርብ ነው፣ ማኅበሩ ብርቄ ቤት ነው። እኔ አስተማሪ አይደለሁ? የሁሉንም ስልክ ሰብስቤ በቅርጫት ፊቴ አስቀምጫለሁ፤ ጸሎት ላይ እንዳይጮኽ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ ብርቄ ጓሮ ዳቦ ስትቆርስ የእሷ ስልክ ጮኸ። የማይታወቅ ቁጥር። ሴቶቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። «ቆዩ፣ ሥራውን በተግባር ላሳያችሁ» ብዬ ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ አድርጌ አነሣሁት።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ የሂባ እናት ነሽ?» ትላለች አንዲት ሴት በዐረብኛ።

«ብሆንስ?»

«ከሙስተሽፋ ነው የምደውለው፣ ነርስ ነኝ። ልጅሽ እኛ ጋ ናት፣ ምጥ ያለ ጊዜው መጥቶባታል። ያላ፣ ቶሎ ኑ። ወረቀቷን ይዛችሁ ኑ፣ እስከዚያ የጂንሲያዋን ቁጥር ንገሪኝ፣ መዝገብ ልክፈትላት።»

ጣቶቼን ቀሰርኩ፤ ሦስቱም ሞሉ። ሴቶቹ ጣታቸውን ቀሰሩ። የዐሥራ ስምንት ጣት ምስክር ቆመ።

«የልጅቱ የቤተ ክርስቲያን ስም ማን ነው?» አልኩ።

«የምን ቤተ ክርስቲያን? ስሟ ሂባ ነው።»

«የቤተ ክርስቲያኑን አልኩሽ!»

«ያ ሐጃ፣ ልጅቱ ታምማለች፣ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው የምትጠይቂኝ?»

«ውሸታም!» አልኳት። «ሰው የምታስደነግጡ፣ እፍረት የላችሁም! እኛ ስልኳን እንደ ወረሳችሁባት ልጅ አይደለንም፣ ተምረናል!» ዘጋሁ። አገድኩ። አጠፋሁ። ቤቱ በእልልታ ተናጋ።

ብርቄ ዳቦውን በሰፌድ ይዛ ገባች። «ምንድነው እልልታው?»

ነገርናት። ሁላችንም በአንድ ጊዜ፣ እየሳቅን። አንዲት ሌባ ከሙስተሽፋ ነኝ ብላ፣ ሂባን ጠርታ፣ ወረቀት ጠይቃ፣ እትዬ አዋረደቻት አልናት። ብርቄም ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ መሐል ላይ ቆመ።

«ሂባን በስሟ ነው የጠራቻት?»

«ስም ያውቃሉ እኮ፣ የሚያጠምዱት በእሱ ነው።»

ስልኳን ከቅርጫት አንሥታ ለሂባ ደወለች። ዝግ ነው። ደግማ ደወለች። ዝግ ነው።

«ዓርብ ነው፣ ተኝታ ይሆናል» አልኳት። «አየሽ፣ የሚፈልጉት ይህን ነው፤ ልብሽን ነው የሚይዙት። አሁን ብትሮጪ ተያዝሽ ማለት አይደለም? ቁጭ በይ።»

ቁጭ አለች። እኔን አምና ቁጭ አለች። ጸሎቱን ጨረስን፣ ዳቦውን በላን፤ እሷ አልበላችም፣ እንዲሁ በእጇ ይዛው ነበር። አንድ ሰዓት ይሆናል። ከዚያ ምንም ሳትናገር ተነሥታ የቆርቆሮ ሳጥኗን ከፈተች፣ የሂባን ወረቀት አውጥታ ጡቷ ሥር ከተተች።

«እትዬ፣ የደወለችውን ሴት ቁጥር መልሽልኝ።»

ቁጥሩ የለም። አጥፍቼዋለሁ። ታግዷልም፤ ሴትዮዋ መልሳ ብትደውልም አይገባም። ማገድ ያስተማርኩ እኔ መፍታት አላውቅም፤ ከሰባታችን የሚያውቅ የለም። እንዴት እንደሚዘጋ ብቻ ነው የተማርነው።

ያንን መንገድ መጻፍ አልወድም፣ ግን ልጻፈው። ብርቄ፣ እኔና ዘነበች ነጠላችንን እንደለበስን ሁለት ሐፍላ ለውጠን ኦምዱርማን ደረስን። ከዚያ ረክሻ፣ ባጃጅ ማለቴ ነው፤ ሾፌሩ ሦስት ሴት ጭኖ፣ ያውም አንዷ እኔ ሆኜ፣ ስለ ጎማው ሲያጉረመርም ሰማሁት። የሂባ ቤት ተዘግቷል። ጎረቤቷ ወጥታ «የት ቆያችሁ? ጠዋት ወሰዷት እኮ። ስልኳ ዚሩ፣ የውሃው ጋን ውስጥ ወድቆ ተበላሸባት፣ የእናቷን ቁጥር ግን በቃሏ ታውቀዋለች» አለች። የትኛው ሙስተሽፋ? እሱን አታውቅም። ብርቄ አላለቀሰችም። ዘወር ብላ እንኳ አላየችኝም።

አንደኛው ሙስተሽፋ የለችም። ሁለተኛው በር ላይ ጋፊሩ አስቆመን። «የታማሚዋ ስም ከነአባቷ፣ ከነአያቷ፣ ከነቅድመ አያቷ» አለ። ብርቄ አራቱንም ስም እንደ ውዳሴ ማርያም አከታትላ ወረደችው። እኔ ይህን ሳዳምጥ አንድ ነገር ደረቴ ላይ ቁጭ አለ። ያቺ ልጅ ስም ሞልቷት ኖሯል፤ አራት ስም፣ ሁሉም የእሷ። እኔ የጠየቅኩት የሌላትን አምስተኛውን ነው።

ውስጥ ነርሷን አገኘናት። ወፍራም፣ ፊቷ የደከመው፣ ዕድሜዋ ከብርቄ የማያንስ። የሂባ እናት ነኝ ስትላት እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«ሁለት ጊዜ ደግሜ ደውያለሁ። ስልኩን ያነሣችው የትኛዋ ናት?»

ከዘነበች ኋላ ተደበቅኩ። ዘነበች የእኔን ግማሽ አታክልም፤ በሁለት በኩል ተርፌ ታየሁ።

«እኔ ነኝ እናቷ» አለች ብርቄ።

«በምን አምናለሁ? የዛሬዋ እናት ልጇን አታውቃትም ነበር። ልጅሽ ቀኝ ክንዷ ላይ ምን አለባት?»

«የገንፎ ጠባሳ፣» አለች ብርቄ፣ «በሦስት ዓመቷ። እንደ ባቄላ ቅርጽ ያለው።» እዚህ ላይ ነው ያለቀሰችው።

ነርሷ ሌላ ነገር አልጠየቀችም። ክንዷን ይዛ አስገባቻት።

ሂባ ወልዳ ተኝታ ነበር። ሕፃኗ፣ ሴት ናት፣ መስታወት ሣጥን ውስጥ ገብታለች፤ የእኔን መዳፍ የማታህል፣ ግን እግሯን የምታወራጭ። ትተርፋለች አሉን፣ ኢንሻላህ። ኮሪደር ላይ ቆሜ ብርቄ ስትወጣ ጠበቅኋት። ተሳዳቢ ናት፣ ስድብ ጠብቄ ነበር። ስድቡን በወደድኩት።

«ልጄን በሌላት ስም ጠየቅሽባት» አለች ቀስ ብላ። አልፋኝ ሄደች።

ዓመቱን ሙሉ ቢሳደቡኝ እንደዚያ አይገባኝም ነበር። ሂባ ሕፃን ሳለች ማኅበር ላይ እያንዳንዳችን በክርስትና ስማችን ስንጠራ እናቷ ጉያ ውስጥ ሆና ተራዋን ትጠብቅ ነበር። ተራዋ አይደርስም። ያንን አይቻለሁ፤ አይቼው ረስቼዋለሁ። ሌባ ይዘጋልኛል ብዬ የሠራሁት በር መጀመሪያ የዘጋው በገዛ ልጃችን ላይ ነው።

እሑድ ሥራ ስገባ ሰልማ መጥታ አገኘኋት። ሁሉንም ነገርኳት፤ ስለ በጉም ነገርኳት፣ ማንበብ እንደማልችል። በበጉ ፈገግ አለች፤ በሌላው አላለችም።

«ያ ሐቡባ፣ አራተኛውስ?»

«የምን አራተኛ?»

«ከሦስቱ በኋላ ያልኩት። ዝጉ፣ ግን በዝግ አትተዉት። ራሳችሁ በምታውቁት ሌላ መንገድ ሂዱና አረጋግጡ። በምታውቁት ቁጥር ደውሉ፣ ጎረቤት ጠይቁ፣ በእግራችሁ ሂዱ። ያለ እሱ ሦስቱ ማስፈራሪያ ብቻ ናቸው። የትምህርቱ ግማሽ እሱ ነው፣ አልሰማሽም?»

«የት ነበርኩ ያን ጊዜ?»

ሁለታችንም አሰብን። ሁለታችንም ወደ ትሪው አየን። ሻይ እያፈላሁላቸው ነበር።

ሰልማ ወንበር ስባ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ከዚያ በኋላ ባስተማረችበት ቦታ ሁሉ ሻይ ቀጂዋ ሳትቀመጥ አፏን አትከፍትም ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔም በሚቀጥለው ሚካኤል ሴቶቹን ሰብስቤ የክርስትና ስሙን አስረሳኋቸው፣ የቀለበት ጣታቸውን አስያዝኳቸው።

«መስኮቱን ማየት ማለት ነው?» አለች ዘነበች።

«አዎ ልጄ፣ መስኮቱን ማየት ማለት ነው።»

ያን ዕለት ብርቄ አልመጣችም። ሁለት ወር አላናገረችኝም። ሕፃኗ ከመስታወቱ ወጥታ ስታገግም የስም ማውጫ ድግስ ተደገሰ፣ ሲማያ ይሉታል ሱዳኖቹ፤ ዘነበች «ነይ ተብለሻል» አለችኝ። ማን እንዳለ አልነገረችኝም። ሄድኩ። በሩ ላይ ብርቄ ቆማለች። ክንዷን ዘርግታ መንገዱን ዘጋችው።

«የክርስትና ስም?» አለችኝ።

«ወለተ ማርያም» አልኩ።

«ከሦስቱ የትኛዋ?»

ያን ጊዜ ነው ሁለታችንም የሳቅነው፣ እየሳቅንም ያለቀስነው። አስገባችኝ።

ከሂባ ጋር ግን አልሳቅኩም። ነርሷ እንደ ነገረቻት እርግጠኛ ነበርኩ፤ በምጥ መካከል ሆና «እናትሽ ዘንድ ደወልኩ፣ የሚያውቅሽ የለም፣ ሰድበው ዘጉብኝ» መባሏን አልጠራጠርም። ሂባ አንድም ቀን አላነሣችብኝም፤ ዝምታዋ ባሰብኝ። «ሐቡባ» ስትለኝ ድምፅዋ ውስጥ ቂም እንዳለ አዳምጥ ነበር። ልጠይቃት አፌን ከፍቼ ስንት ጊዜ ስለ አየሩ አውርቼ ዘግቻለሁ። ከዚያ ጦርነቱ መጣና ሁላችንን በተነን፤ እኔ ገዳሪፍ፣ ብርቄና ሂባ አትባራ።

አምና ሂባ ደወለችልኝ፣ በማላውቀው ቁጥር። አልዋሽም፣ ከማንሣቴ በፊት ጣቴን ቆጥሬያለሁ። ሁለተኛ ልጅ ልትወልድ እንደሆነ ነገረችኝ፣ እናቷም አጠገቧ እንዳለች።

«የፊቱን ያህል አትፈሪ» አልኳት።

«ፊቱንም አልፈራ እኮ፣ ሐቡባ» አለችኝ በዚያ በሚያነክስ አማርኛዋ። «ነርሷ ስልክ ዘጋች፣ መጣች፣ እጄን ያዘች። ‹እናትሽ አነሣች› አለችኝ። ‹በአንድ ጥሪ አነሣች። አለቀሰች፤ መጣሁ፣ መንገድ ላይ ነኝ አለች› አለችኝ። እኔ ጠበቅኩ። ብዙ ሰዓት ሆነ። ሐፍላ አጥታ ነው አልኩ። አልፈራሁም።»